የቆመ ሁሉ አልረጋም

ሌሊቱ ወበቅ ነው፣ ብሪዝበንን ላብ አጥምቋታል፣
የመስኮቱ ጌኮ መብራት ተጠግቷል፤
ከምድር ቤቱ ግን፣ ከሰው ዓይን ርቆ፣
ቀጥ ያለው እቶን ነጭ ግሎ ያድራል ቱቦውን አንቆ።

ስታማቲያ ክኒን የምታህል እንክብል ጠፍጥፋ፣
አሸዋ፣ ኖራ፣ ብረት፣ ዚንክ፣ የእርሳስ ኦክሳይድ፣
በፕላቲነም ቅጠል ሸፍና አጣጥፋ፣
በሽቦ ሰቀለቻት፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ አምሳ ዲግሪ፣ አሥራ ስድስት ሰዓት።
ከዚህ ወዲያ ሥራዋ ትዕግሥት ነው፤ ምንም አይታይም ከውጭ ለሚያያት።
ውስጥ ግን ሙግት አለ፤ ጠጣርና ፈሳሽ እንደ ሟች ወራሾች ድርሻ ሊካፈሉ፣
«ዚንኩ ለእኔ ይድረስ፣ ኖራው ለአንተ ይሁን» ይባባላሉ።

ማስታወሻዋን በእርሳስ ትጽፋለች፤ ቀለም በላብ ይፈስሳል።
ስሙ ብቻ ነው እርሳስ፤ ሆዱ ከሰል ይዟል።
እውነተኛው እርሳስ ማንንም አይጠብቅም፣ በገዛ እጁ ይጽፋል፦
በበረንዳ አቧራ፣ በትራስ ልብስ፣ በሕፃን ደም፤
ላጲስም የለውም፣ የትም።

ታውቀዋለች። ፖርት ፒሪ፣ ከረጅሙ ጭስ ማውጫ ሥር ተወልዳ፣
እጇን መታጠብ ከጸሎት በፊት ለምዳ፣
በየስድስት ወሩ ጣቷን ለመርፌ ሰጥታለች፤
ነርሷ ቁጥሩን ለእናቷ ብቻ ታሳያለች፣ ወረቀቱን በመዳፏ ጋርዳ።

አባቷ ለፍቴሪ የእቶን ሰው ነበር። ዝቃጩ ሲወርድ እንደ ቀይ ጅረት፣
ዘንግ ነክሮ ማውጣት፣ ቅርፊቱን ገልበጥ አድርጎ ማየት፤
«ወፍሯል፣ ኖራ በዝቷል» ይላል፤ ወይም «ይሄ ይሄዳል፣ ልቀቁት።»
ብዙ ጊዜ አይስትም። አንድ ቀን ግን ሳተው፤
የዚያን ቀን ወሬ ደጅ አድሮ ቀረ፤ አንድም ሰው ወደ ቤት አላስገባው።

ሰዓቱ ሞላ። ክዳኑን ከፍታ ሽቦውን ለቀቀች፤
እንክብሏ በረዶ ከሞላው የጨው ውሃ ጭስስ ብላ ወደቀች።
ለመዋሸት ጊዜ ያጣ ፈሳሽ፣ ቃሉን አፉ ውስጥ እንደያዘ
መስታወት ሆኖ ደነዘዘ።

በነጋታው በአልማዝ ዱቄት ወልውላ ከኤሌክትሮን ጨረር ሥር አየችው፦
ጥቁር ባለ ማዕዘን ስፒነል፣ እንደ ስንጥር የረዘመ ሜሊላይት፣
በመካከላቸው፣ ከሁሉም በርቶ፣ እርሳስ ያዘለው መስታወት።

ተማሪዋ ቴኡይላ «ከስምንተኛው ሰዓት ወዲህ አልተለወጠም፤ ረግቷል» አለች።
«የቆመ ሁሉ አልረጋም» ስትል መለሰች፤
«ደክሞትም ይቆማል። ከላይ የወረደና ከታች የወጣ
አንድ ደጃፍ ላይ ካልተገናኙ፣ ሚዛን አትበዪው፤ ገና አለው ጣጣ።»

አንዱን አቅልጠው ከላይ አወረዱት፤ ሌላውን ከታች ቀስ ብለው አወጡት።
ሦስተኛው ሽቦ በጥሶ ወለል ላይ ቀረ። የአራተኛው እርሳስ ተኖ ጠፋ፤ ጣሉት።
በሳምንቱ ሁለቱ ተገናኙ።

በሦስት ማዕዘኑ ካርታ ላይ ነጥቧን በእርሳስ ጣለች፣
መስመሩን ስትስብ ግን እጇን ያዝ አደረገች፦
እዚያ ጥግ ላይ ገደል ነው፤ አንድ በመቶ ኖራ ቢጨመር
አርባ ዲግሪ ሽቅብ፤ የሚፈሰው ባንድ አፍታ ድንጋይ።
ይህን ዘንግ አያየውም። የማንም ዓይን አያይ።

ስልክ ደወለች። የለፍቴሪ ጆሮ ከብዷል፤
«ሰላጤው ዘንድሮ ዓሣ ነሥቶናል።
እዚያስ ዘነበ?»
«አባባ፣ የዚያን ቀን ዝቃጭ...» አለች።

ዝም አለ።
ዝምታው የቆመ ይሁን የረጋ ለማወቅ
አልቸኮለችም፤ ጠበቀች።