ልክ

ሞጣ፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ፣
ሐምሌ ጣሪያዬን ሲደበድብ፣ ሲንጀሬ ክር ሲናጠቅ፣
አንድ ሽማግሌ ገባ፣ ጃንጥላውን ደጅ አራግፎ፣
በፌስታል የጠቀለለውን በብብቱ ሥር አቅፎ።

“ይህ ልብስ ሰፍቶኛል፤ አጥብልኝ” ብሎ ፌስታሉን ገለጠ፤
አራት ኮከብ ከትከሻው ላይ በአምፖሌ ሥር አፈጠጠ።

አወቅሁት። ድሮ ሬዲዮው፣
“የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ይስማው ባንቴ…” ሲል፣
“ስሙ እስኪያልቅ ሽሮው ያርራል” ትል ነበረች እናቴ።

“እጅዎን ይዘርጉ” አልሁት፣ ሜትሬን አንጠልጥዬ በክንዴ፣
በአፌ አንቱ እያልሁት፣ አንተ እያለው ሆዴ።
ስንቱን ያዘዘ ክንድ፣ ስለካው፣ ሸንበቆ ሆኖ አገኘሁት፤
ደረቱን ዞርሁ፣ ወገቡን ዞርሁ፣ ቁጥሩን በጠመኔ ጻፍሁት።

“ከቤትህ የዘመተ አለ?” አለኝ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ።
“ታናሼ፣ ሽባባው። ጋራ ሦስት መቶ ሰባት።
ደብዳቤ መጣልን፤ አልመጣም ሬሳ።”

ዝም። ከጣሪያው ባልዲው ውስጥ ጠብ… ጠብ።
“እኔ አልተኮስሁም” አለ። “የኔ ሥራ ነበር ማሰብ።
ካርታ ነበር፣ ቀይ እርሳስ ነበር፣ ስልክ ነበር ሦስት፤
ጋራውን በቁጥሩ አውቀዋለሁ፤ ስሙን አልጠየቅሁም አንድ ለት።
እርሳሱ ሲዶለዱም ሌላ ያመጣልኛል አንድ ልጅ፤
ሲነጋ የሚቆጠር ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ ይጽፋል ያው ልጅ።”

ከዚያ፣ ሜትሬ ትከሻው ላይ ሳለ፣ ድምፁ አንሶ፣
“አንተ፣ ልክ ነበርሁ?” አለኝ፣ አንገቱን ወደኔ መልሶ።

መርፌውን ከጥርሴ አወጣሁ፤ ስፌቱን ገልብጬ አየሁ፤
“ልክዎ ድሮ መቶ አራት ነበር፤ አሁን ሰማንያ ስምንት ነው” አልሁ።

ሳቀ፤ ወይም አሳለው። ጃንጥላውን አነሳ።
“ለሐሙስ ይምጡ” አልሁት። ስንት ሐሙስ መጣ፤ እሱ ግን ረሳ።

ትከሻው እንዲጠብ ኮከቡን መፍታት ግድ ነበረብኝ፤
አራቱንም ከቁልፎቼ ቆርቆሮ ጣልኋቸው፤ ሌላ ቦታም አልነበረኝ።

መስከረም ላይ አንዲት ተማሪ የዩኒፎርሟን ቁልፍ ልትመርጥ
ቆርቆሮውን ጠረጴዛዬ ላይ ስትገለብጥ፣
አንዱን ወደ ብርሃን አነሳችው። “ይሄስ? ቀዳዳ የለውም።
በየት በኩል ነው የሚሰፋ?”
“ሌላ ፈልጊ” አልኋት፤ “እሱ ምንም አይቆልፍም።”