የአበጋዝ ጣት

ዋጋ ያኔ ድምፅ የለው፤ ከጋቢ ሥር ነበር፣
ጣት በጣት ተጨብጦ በዝምታ ሲሰፈር።
አበጋዝ እንድሪሴ፣ የእህል በረንዳው ሰው፣
በሁለት ጣቱ ጭብጥ ስንቱን ያስጨረሰው።
አንድ ጣት መቶ ነው፣ አንጓዋ ደግሞ ሃምሳ፤
እጅ እንጂ አፍ የለም ዋጋ የሚያነሳ።

ስልክ ያኔ ደሴ ነው፤ ሐረጎ ተወጥቶ፣
«ሃሎ! አሰብ! ሃሎ!» ሦስት ደቂቃ ተገዝቶ፣
የመርከቡ ወሬ ሲደርስ ተሰባብሮ
እህሉ ነቅዞ ነበር፣ መጋዘን ውስጥ አድሮ።

አሁን
ሙምባይ ላይ ሲነጋ ዋጋ ይነሳና
ኪስ ውስጥ ይነዝራል፣ ሳይሻገር ቦርከና።
ፊቱን ያላየው ሰው፣ እጁን ያልጨበጠው፣
«የማሾውን ፎቶ ላክ» ብሎ አቋረጠው።
ፎቶ በጥርስ አይሰበር፣
ደረቀ አልደረቀ፣ በምን ይመሰከር?
አበጋዝ ሳቀና፣ ሳቁ ሳያበቃ፣
ሁለት መኪና ማሾ ተሸጦ አለቀ፣ በሰባት ደቂቃ።

ኮሚሽኑስ?
ደላላው ማን ነበር? ማንስ ነው ያገናኘ?
ከጋቢው ሥር ያለው ጣት ሥራ ፈት ተገኘ።

ብሩ ገባ መሰል፣ ስልኩ እንደገና ነዘረ፤
አውራ ጣቱን ጫነ። «አልታወቀም።»
በጋቢው ጫፍ ጠረገና ደግሞ ሞከረ።
«አልታወቀም።»
አርባ ዓመት እህል ዘግኖ፣ ጆንያ እያሻሸ፣
የጣቱ መስመር ሁሉ ለካ ተፍቆ ሸሸ።

ልጁ ሉባባ መጣች፤ ጣቷን ጣል አረገች፣
መስታወቱ በራ፣ ቁጥሩን አነበበች።
እሱ ግን እጇን ስቦ፣ ከጋቢው ሥር፣ ዝም፣
ሁለት ጣቷን ጨበጠ።
ስንት እንዳላት አላወቀችም።