ውሃው የት ገባ

የናሪን ወንዝ ዳርና ዳሩ በበረዶ ግግር ሲዘጋ፣
መሃሉ ብቻ ጠቁሮ ሲፈስ፣ ሌሊቱ ገና ሳይነጋ፣
ኮፈኗን ከፍቼ አያለሁ፤ ውሃዋ ከመስመር ወርዷል።
ትናንት ሞልቼው ነበር፤ ዛሬ ሁለት ጣት ጎድሏል።

በማግስቱ ምንም።
በሦስተኛው ቀን ምንም።
ሐሙስ ግን፣ ምጥ ወደያዛት ሴት ስገሰግስ በዶሎን ዳገት፣
ቀዩ መብራት ቦግ አለብኝ፤ ሞተር አጥፍቼ ቆምኩ ከነፋሱ አናት።
እስክትበርድ ጠበቅኩ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር
በሻይ ማፍያው በረዶ አቀለጠልኝ፤ ጠጣች፤ ሄድን።
ልጁ ቀድሞኝ ተወልዷል፣ በጎረቤት እጅ።
እናቱ አልወቀሰችኝም። ያ ነው የከበደኝ።

የኬሪምኩል ጋራዥ ከከብት ገበያው ጀርባ ነው፤
እርሳሱ ከጆሮው ላይ፣ ደብተሩ ግን ግድግዳው።
ክዳኑን ለወጠ፤ ቴርሞስታቱን ለወጠ፤
የፖምፓዋን ቀዳዳ በመስታወት ከስር አጮለቀ።
አየር ነፍቶ አስጨነቃት፤ ቀስቱ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።
በዘይቷ ውስጥ እርጎ መሳይ ነጭ ፈለገ፤ የለም።
ምንጣፉን ከእግሬ ስር ዳብሶ ጣቱን አሸተተ፤
«ቴስታታው ደህና፣ ማሞቂያው ደህና። አንቺስ?» ብሎ ጠየቀ።

ማታ ማታ የቴሌቪዥን ካርቶን አነጠፍኩላት፤
ጠዋት የተገኘው የድመት ዱካ ብቻ ነበር።
ጎረቤቴ ሲርጋክ «የሰናፍጭ ዱቄት ጨምሪባት፣ ይደፍነዋል» አለ።
ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ሽጫትና ተገላገይ፤ ምን አስለፈለፈሽ?»
ዝም ብዬ ብሸጣት የሚገዛኝ ማን ነው?
እሱም ዶሎንን የሚሻገር፣ እሱም ልጆች ያሉት ነው።

ሦስት ጊዜ ወሰድኳት፤ ሦስቴም ደርቃ ቀረበች፤
እኔ ዘንድ ስታነባ አድራ፣ እሱ ዘንድ ፊቷን ታጥባ።
አውቀዋለሁ ይህን።
ሌሊቱን ስትነድ ያደረች ሕፃን፣
እናቷ አቅፋ አርባ ኪሎ ሜትር ስታመጣት፣
የክሊኒኩን ደፍ ስትረግጥ ትኩሳቱ ጥሏት ይሄዳል።
ቴርሞሜትሩን አነሳለሁ፤ እናትየዋ ታቀረቅራለች፣
ዋሽታ የተያዘች ይመስል።
ዘንድሮ እኔ ነኝ ያቺ እናት።

በመጨረሻ «ቁልፉን ተይልኝ» አለ፤ «ውጭ ትደር። ማንም እንዳያስነሳት።»
ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት፣
ባትሪውን እኔ ያዝኩ፤ እሱ ጓንቱን አውልቆ በጥርሱ ነከሰ።
ትንፋሻችንን ዋጥን፣
የጽንስ ልብ ሲደመጥ እንደሚዋጥ።

ከታችኛው ማኒኮቶ አንገት፣ ፋሸታው ጎማውን ካቀፈበት፣
አረንጓዴ፣ ምስር የምታህል፣ ብቅ አለች።
ተንጠለጠለች።
አልወድቅም ያለች ያህል ቆየች፤ ወደቀችም፣
ከስር ባለው የፕላስቲክ ጋሻ ላይ፣ ካርቶኔ በማያያት ስፍራ።

«ስትበርድ ጎማዋ ይኮማተራል» አለ ጓንቱን ከጥርሱ ሳያወጣ፤
«ስትሞቅ ታብጥና ራሷን ትገጥማለች።
አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ አሙቀሽ ነው የምታመጪልኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።
እሷ መች ደበቀች፤ በየማለዳው ሞተር አስነስቼ
ምስክሯን ያደረቅኩት እኔ።
ስሜ ሳልኪን ነው፤ በአገሬ ቋንቋ «ቀዝቃዛ» ማለት፤
ኬሪምኩል ይህን አስታውሶ እስኪያስለው ሳቀ።

አዲሱ ፋሸታ ከአንድ ዳቦ ዋጋ አይበልጥም።
ካቻቢቴውን አዞረ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣
ከዚያ ግድግዳው ላይ ጻፈ፦
«ሳልኪን። የታችኛው። ሳትነሳ እይ።»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ልጇን አመጣች፤
ገላዋ ቀዝቃዛ፣ ዓይኗ ብሩህ፣ ብስኩት ትበላለች።
«ምንም የለባትም» ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።
ስልኬን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፦
ሌሊት ስታተኩስ ደውዪ። እኔ እመጣለሁ።

ኮፈኑን ዛሬም እከፍታለሁ። ውሃው መስመሩ ላይ ነው።
ጓንቴን አውልቄ ግን ያቺን አንገት እነካታለሁ፤
ደረቅ።
እሺ፤ እንሂድ።