ዘጠና ሰባት ሜትር

ጥቅምት ሃያ ስድስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣
ሽምብጥ ወረድኩኝ ፈቃድ ላጣራላት።
ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ጠጅ ቤቷም ስሟን ወርሷል፣
ታፔላው ላይ ያለው ‘ቦ’ በዝናብ ታጥቦ ፈርሷል።

ወረቀቷን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ
ጠበቀችኝ ቆማ ከጠጅ ጋኑ ኋላ፦
የግብር ክሊራንስ፣ የንግድ ምዝገባ፣
የአሳላፊዋ ራጅ፣ ያልታመመ ሳንባ፣
የእሳት ማጥፊያው ቀይ፣ ከምስማር ላይ ያረፈ፣
‘ከሃያ አንድ በታች አንሸጥም’፣ በከሰል የተጻፈ።
«የሜትሩ ጣጣ እንጂ ሌላውማ ተሟላ።»
«ታዲያ እሱን ለካና ፈርመህ ቁጭ በላ!»

መመሪያው እንዲህ ይላል፦ ከትምህርት ቤት አጥር
እስከ መጠጡ በር ይኑር መቶ ሜትር።
የዘበኛው ልጅ ያዘልኝ አንዱን ጫፍ፤
እኔ በሌላው፣ ባጃጅ እስኪያልፍ ስቆም፣ ያቆረ ውሃ ሳልፍ፣
ዘጠና አምስት፣
ዘጠና ስድስት፣
ዘጠና ሰባት።
በሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ሦስት ሜትር ጎደላት።

ይኸን መንገድ እኔ በሜትር ሳላውቀው
መቶ ሃምሳ እርምጃ ነበር የምቆጥረው፤
አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ባሥር ሰዓት ደወል፣
ስመጣ ወደዚህ አባቴን ልቀበል።
ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ደሞዝ የወጣ ዕለት፣
ጢሙ ላይ የጥጥ ብናኝ፣ ዓይኑ ላይ ቅላት።
ማንጠግቦሽ ያኔ መመሪያ የሚባል አታውቅም፤
ከሦስተኛው ብርሌ በኋላ ግን አራተኛ የለም።
«ልጅህ ቆሟል ደጅ ላይ» ትላለች፣ ብርሌውን ገልብጣ፤
«ሂሳቡን ነገ ክፈል፤ ዛሬ እግርህ ሳይክድህ ውጣ።»
ይህ ሕግ ቁጥር የለው፣ ማኅተምም አልነካው፤
አባቴን በእግሩ አቁሞ ቤት ያስገባው ግን እሱ ነው።

ሁልጊዜ አልነበረም። ሌላ ቤት የሄደ ቀን
ከቦይ ውስጥ ነው ያገኘነው፣ ከናቴ ጋር፣ ባትሪ ይዘን።

ስለዚህ ሜትሬን አልንቅም፤ ሦስትም ሦስት ናት።
«በሩ ይዙር» አልኳት።
«ወዴት ይዙር?» «በጓሮ፣ ወደ ጣናው ዳር፤
እዚያ ተማሪ የለም፣ ከጉማሬ በቀር።»

በሁለት ቀን አዞረችው፣ ብሎኬቱ በዱቤ፤
ግንበኛው ቢተው ግማሹን በጠጅ ነው የተከፈለው፤
አይቻለሁ፣ ግን አልሰፈረም ከመዝገቤ።

ሃያ ዘጠኝ ለካሁ፦ መቶ አሥራ ዘጠኝ።
ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ስል ባለ ሰደርያው አገኘኝ፤
ከሐይቁ ጥበቃ ቢሮ፤ ሌላ ሜትር፣ ሌላ መመሪያ፦
«የንግድ በር ከውሃው ጠርዝ ሃምሳ ሜትር ይራቅ፣ ከዚያ ወዲያ።»
ጠርዙን ፈለግን ሁለታችን። የት ላይ ነው የሚያልቅ ጣና?
ክረምት ያበጠ ውሃ ከጎመኗ መደብ ገብቶ ተኝቷልና፤
እምቦጩ መሬት ይመስላል፣ ብትረግጠው ትሰጥማለህ፤
እሱ ‘አርባ አንድ’፣ እኔ ‘ሃምሳ ሦስት’፤ ማንን ውሸታም ትላለህ?

ማንጠግቦሽ ሳቀች። «ልጆቼ፣ በግንቦት ለኩት መጥታችሁ፤
ያኔ ውሃው ይሸሻል፣ ሰማንያ ይሞላላችሁ።»
«ፈቃዱ ጥቅምት ሠላሳ ያልቃል» አልን፣ እኔና እሱ፤
መቼ ታይቶ ያውቃል ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቃል ሲጨርሱ!

ጥቅምት ሠላሳ፣ ማታ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል
ከ‘ርቀት’ ሣጥን ውስጥ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።
‘እንደ ወሩ ነው’ ብጽፍ ኮምፒውተሩ መለሰው፤
ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቅ። ባዶውን ተውኩት፣ ወጣሁ እንደ ሰው።

በዚያው በሽምብጥ ሳልፍ አንድ ልጅ አየሁ፣ ደብተር ያቀፈ፣
በሩ ከነበረበት ካዲሱ ብሎኬት ጎን ያረፈ።
በመዳፉ መታ መታ አርጎ ጆሮውን አስጠጋው።
ካጥሩ ቆጥሮ መጥቷል፤ አልተሳሳተም እርምጃው።
«ዞሯል በሩ» አልኩት፣ እጁን ያዝኩና
ታጠፍን በቤቱ ጥግ፣ በጨለማው፣ ወደ ጣና።
እሱ በሹክሹክታ ቁጥሩን ቀጠለ፤
ጫማችን ረጠበ።
ውሃው ከዚያው አለ።