ማሟሻ

በሞጣ ገበያ፣ ከጨው ተራ ጀርባ፣
እንስራ ገዛሁኝ፣ አንገቷ የሚያባባ።
ቧንቧው በሳምንት ነው አንድ ቀን የሚመጣ፤
ሰልችቶኝ ጀሪካን፣ ውሃው ለዛ ሲያጣ።

ማታ ሞላኋትና ተኛሁ።
ሌሊት ጠብ... ጠብ... የሚል ኮቴ ሰማሁ።
ብነሳ፣ ወለሉ ሐይቅ ነው፤ ሰሌኑ ዋኝቷል፤
ላርመው ያመጣሁት የልጆች ደብተር እስከ ወገቡ ጠጥቷል።
እሷ ግን በጥጓ፣ ሳታፍር፣ ሳትፈራ፣
ባዶ ሆዷን ይዛ ቆማለች ተገትራ።

አዝያት ወረድኩኝ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
አፈሩ ከሚቀላበት፣ ከአንጓች ደጅ ጋ።
ኩበት ይጨሳል፤ የጭድ ብርድ ልብስ ለብሰው፣
ማሰሮዎች ተኝተዋል፣ እንደታመመ ሰው።
"ወንፊት ሸጥሽልኝ!" አልኳት።
በእናቴ ዕድሜ ሳለች፣ አንቺ አልኳት።

ቀና አላለችም። የወንዝ ጠጠር ይዛ የድስት ጉንጭ ታሻለች፤
እስኪያበራ ድረስ፣ ደግማ ታሻለች።
ከዚያ እንስራዬን ተቀብላ፣ በጣቷ መትታ፣
ሰማቻት፣ ጆሮዋን ሆዷ ላይ አስጠግታ።
"ድምጿ ደህና ነው፤ አልተሰነጠቀች።
አሟሽተሻታል?" አለች።
ዝም አልኩ።

"እሳቴ ትንሽ ነው፤ ኩበት ነው፣ ገለባ ነው፤
አፈር ያበስላል እንጂ፣ ጠርሙስ አያረገው።
ሸክላ ሲወለድ ሺህ አፉ ክፍት ነው፤
መውለዱ የኔ ነው፣ ማጥገቡ ያንቺ ነው።

ተልባ ውቀጪና፣ ቀጭን ሙቅ ሙዪያት፤
ደከም ባለ ፍም ላይ ቀስ አርገሽ አፍዪያት፤
ጥለሻት አትውጪ፣ እስክትወዛ ጠብቂያት።
ስታድር ድፊያት፤ በወይራ አጥኚያት፤
የጎመን ዘር ደቁሰሽ፣ በትኩሷ ቅቢያት።
የወጥ ድስት ብትሆን ድፍን አርጊያት ባልኩሽ፤
ለውሃ ግን ትንሽ አፍ ተዪላት፤
ካላላባት አይቀዘቅዝልሽ።"

ጨርሳ፣ በጥቁር የሸክላ ኩባያ፣ ውሃ ዘረጋችልኝ።
እጄ ዘገየብኝ።
አከራዬ፣ እትዬ ጠጅቱ፣ የመከሩኝ ታወሰኝ፤
"ዕቃቸውን ግዢ፤ ከቤታቸው አትቅመሺ፤ ዓይናቸው..."
እሷም አየችው፣ የእጄን መዘግየት።
ስንተኛው እጅ እንደሆነ እንጃ። ቅያሜ አላየሁባት፤
ወይ ቋጥራው ይሆናል፣ አንዲት ጠብታ ሳያመልጣት።

ጠጣሁ። ዘግይቼም ቢሆን ጠጣሁ።
ጥርስ የሚቆረጥም ውሃ ነው።
"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አልኩና ወጣሁ።

ሦስት ቀን ቤቴ ተልባ ተልባ ሸተተ።
በአራተኛው ሞላኋት። ወለሉ ደርቆ ነጋ።
ደብተሮቹም ደርቀዋል፣ ተጨማደው፤
የአንዱ ጥያቄ ራይት ፈስሶ፣ የሌላው ኤክስ ላይ ተኝቷል።
እንዴት እንደማርመው አላውቅም።

እትዬ ጠጅቱ ከቤተስኪያን መጡ፣ ውሃ ጠምቷቸው።
ቀድቼ ሰጠኋቸው።
ጨለጡት። ደግሞ አስቀዱ። "ምነው እንዲህ ጣፈጠኝ?
የማን እጅ ናት?" አሉኝ።
"የእማማ አንጓች" አልኩ።

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።
ኩባያው ባዶ ነው። ቀና ብለው አላዩኝም።

እንስራዋ፣ ከጥጓ፣ ወዛ አለች።