ሃያ አንድ ቮልት

ሊንዝ መግቢያ፤ ጠዋት፤ በረዶ።
የኦንድሬይ ከባድ መኪና፣ ከመንገድ ወርዶ።
ሰማዩ ደረቅ ነው፣ መጥረጊያው ይሮጣል፣
ፍሬቻው ለባዶ ሜዳ ምልክት ይሰጣል፤
«ፍሬን ጠፋ» ይላል ዳሽቦርዱ ቀልቶ፣
ደግሞ «ማርሽ» ይላል ፍሬኑን ረስቶ።
ሁለት ቀን ሴንሰር ተፈታ፣ ተገዛ፤
ኮምፒውተሩ አዲስ ጥፋት እያበዛ።

ሪካርዳ መጣች፤ የክሱን ዝርዝር ትታ
መለኪያዋን ለባትሪው ጫፎች አስጠግታ፦
«ሃያ አንድ ቮልት! ሦስቱ የት ወረደ?
ቤተሰቡ ሁሉ በረሃብ ነው ያበደ።
የደከመ ባትሪ ራሱን አይናገርም፤
ጤነኛውን ሁሉ ሳይከስ አያድርም።»

ኦንድሬይ ዝም አለ። ትናንት በስልክ ነበር
ሚስቱን ስለ መብራት፣ ስለ ኪራይ ሲያማርር።

ባትሪ እየቀየረች ቀና ብላ አየችው፤
«አንተስ መቼ ነበር የተኛኸው?» አለችው።

መጥረጊያው ቆመ።