ሃያ ስምንት እግር

«እንቆቅልሽ።»
«ምን አውቅልህ?»
«ሃያ ስምንት እግር አለው፣ አንድ ስንዝር አይራመድ፤
ቤቱን ይጠብቃል እንጂ፣ አያውቅም መንገድ።»

ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ለሊሴን ላስቃት፣
ፍራንኮ ጀርባ በተከራየናት
ቀትር ላይ እንደ ብየዳ ጫፍ በምትግል ቆርቆሮ ቤት።
መልሱ ቺፕ ነበር፤
ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ሶኬቱ ላይ የተሰካ፣
የወይዘሮ ዘርትሁንን የጫጩት ሳጥን
ሙቀቱን የሚለካ፣
አምፖል የሚያበራ፣ የሚያጠፋ፣ የሚቆጥር፣
ስንት ቀን እንደሞላ፣ ስንት እንደሚቀር።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ።
«ልጄ፣ መብራት አለ፤ ማሽንህ ግን ዝም ብሏል፤
ስልሳ እንቁላሌ ይኸው በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል።»

ቦርዱን ከነባትሪው ይዘን፣ ከቦኩ በባጃጅ ስንመለስ፣
ኮብልስቶኑ ሲንጠን፣
ጭኔ ላይ እንዳለ በራ!
ሁለት ቁጥር አሳየን፤ መልሶ ጠፋ።
«አየሽ?»
«አየሁ።»
ሹፌሩ ዞሮ፣ «ምንድን ነው የያዛችሁት?»
«በሽተኛ» አለችው ለሊሴ።

ሜትሩን አስነካሁ፤ አምስት ቮልት፣ ሙሉ።
ሽቦው ደህና፣ ብየዳው የሚያብረቀርቅ ሁሉ።
ለሊሴ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤
አንዲት ድርብ ሰረዝ ጠርጥራ፣ ኋላ ይቅርታ ጠየቀች።
እኔ ክሪስታሉን ከሰስኩ፣ ካፓሲተሩን ቀየርኩ፣
ስሜን የማያውቅ ፋብሪካ ጭምር ረገምኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ከኮረብታው ላይ የተርባይኖቹ ቀይ መብራት
ይበራል፣ ይጠፋል፤
የነሱስ ሥራቸው ነው።

ለሊሴን እንቅልፍ ጣላት፤
ክርኗ ቺፑ ላይ አረፈ።
በራ።
«እንዳትነቃነቂ!» ብዬ ጮህኩ፤
ነቅታ ተነቃነቀች፤ ጠፋ።

ጉንጬን ከጠረጴዛው አጣብቄ፣ በጎን አየሁት።
አንዱ ጫፉ ከፍ ብሏል፣ የወረቀት ውፍረት።
አምፖሉ ሲበራ እየተለጠጠ፣
ሲጠፋ እየተሰበሰበ፣
በቀን አንዲት ፀጉር ታህል፣ ማንም ሳያየው፣
እየወጣ ነበር ከቤቱ፤
አይራመድም ያልኩት!
ሃያ ስምንት እግር ይዞ፣
ምን ብሎ ይቁም?

ነቀልኩት። አንዷ እግር፣ ከግራ አራተኛዋ፣
ከሆዱ ሥር ታጥፋ ተንበርክካለች።
ያጠፍኳት እኔው ነኝ፣ የሰካሁት ለት፣ በችኮላ፤
ይህን ለለሊሴ ዛሬም አልነገርኳት።
በወረንጦ አቀናኋት፣ ትንፋሼን ውጬ፤
እንዲህ ያለች እግር ደጋግመው ካጠፏት
መሰበሯ ነው።
ከዚያ በአውራ ጣት፣ ግራና ቀኙን እኩል፣ ጫን፤
ቀጭ አለ።
የሃያ ስምንቱ ምልክት ሳይሆን የአንድ ሌሊት ቁጣዬ
ጣቴ ላይ ታትሞ ቀረ።

ሲነጋጋ ሳጥኑን መልሰን ሰካን፤ ቁጥሩ በራ።
ከስልሳው ስንቱ እንደሚፈለፈል፣ እንጃ።
«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።
«ሙቀቱ ነው፣ እትዬ። ከቤቱ ወጥቶ ነው።»
ደጃፋቸው ላይ ፍራሽ ተዘርግቷል፤
ልጆቻቸው ገና አልተነሱም።
«ታዲያስ!» አሉ፣
«በአዳማ ሙቀት
ማን ቤቱ ይተኛል?»